ታሞ ነው የሞተው
የካቲት 26 ቀን በድሬዳዋ ለነባር ወታደሮችና ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር

የጦር ጓዶቼ፣ እናቶቼ፣ የድሬ ልጆች፤ እንኳን ለካራማራ መታሰቢያ አደረሳችሁ።

የተጋበዝኩት ስለ ድሉ እንድናገር ነበር። ድሉን ግን ታውቁታላችሁ፤ ነሐሴ 1969 ላይ መድፍ ከተማው ዳር ሲያጓራ እዚሁ ነበራችሁ። እኔ የመጣሁት ካራማራ መልሶልን ሰላም ስለነጠቀን ሰው ልናገር ነው። ልጆቹ ፈቅደውልኛል፤ ስሙን ግን አልጠራም።

ታንከኛ ነበር። አንድ ኮቾሮ ለአራት ሲቆረስ ትንሿን የሚያነሳ። 1983 ላይ ሠራዊቱ ሲበተን ብርድ ልብስ ተከናንቦ ገባ። አሥራ አራት ዓመት ያገለገለ ሰው ባቡር ጣቢያ ጭነት ተሸከመ። በርጫ ላይ አብሮን ይቀመጣል፤ ያ ሳቁ ግን የለም። አንድ ቀን «ሌሊት እንቅልፍ የለኝም» አለን። እኛስ ምን አልን? «አቦ ተወው፣ ምርቃና ነው!»

ራሱን ሲያጠፋ «ታሞ ነው የሞተው» ብለን አስወራን። ታሞስ ነበር፤ ሳናውቀው እውነት ተናገርን። ከእድሩ አንዱ ተነስቶ «ለእንዲህ ያለ ሞት ድንኳን ይጣላል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ድንኳን! ለዚህች ከተማ ሲዋደቅ ድንኳን ውስጥ ነበር እንዴ?

«ወታደር ልቡ ደንዳና ነው» ይባላል። አሜሪካኖች ቆጥረው አይተውታል። ለረጅም ጊዜ በሠራዊታቸው ውስጥ ራሱን የሚያጠፋው ሰው፣ በምጣኔ ከሲቪሉ ያነሰ ነበር፤ ወታደር ጤናው ተመርምሮ ይገባል፣ ደመወዝና ጓድ አለው። ኢራቅና አፍጋኒስታን ሲራዘሙ፣ በፈረንጅ 2008 ገደማ፣ ዕድሜና ጾታ ተመዛዝኖ ሲታይ የምድር ጦሩ ሲቪሉን አለፈ። ብራውን ዩኒቨርሲቲ በ2021 ያወጣው ጥናት ደግሞ ከ2001 ወዲህ በነበሩት ጦርነቶች 7,057 ወታደሮች በዘመቻ ላይ ሲሞቱ፣ በአገልግሎት ላይ ያሉና የተሰናበቱ የዚያ ዘመን ወታደሮች 30,177 ያህል በራሳቸው እጅ ማለፋቸውን ይገምታል። ከአራት እጥፍ በላይ! የእኛስ ስንት ነው? «ታሞ ነው» ያልነው ሁሉ የት መዝገብ ላይ ሰፈረ?

እሑድ የእድር ስብሰባ አለ። የድንኳኑ ጥያቄ ዳግም እንዳይነሳ በደንቡ ይጻፍ እላለሁ፤ እጃችሁን አውጡልኝ። ሐኪም ቤት የሚሄድም ካለ ብቻውን አይሂድ፣ አብሬው እቀመጣለሁ።

ቤቴን ታውቁታላችሁ፣ ሳቢያን ነው። ሌሊትም ቢሆን አንኳኩ። እኔም ብዙ አልተኛም።