ጣቢያ ስጡኝ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተም ከኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ ስልካችሁን የምትነካኩ ልጆች፤ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ።

የዝግጅት ኮሚቴው «ስለ እንግሊዞች ባህል አንድ ቁም ነገር ንገረን» ብሎኝ ነበር። ቁም ነገሩን ለሚችሉት ትቼ ስለ አንድ ጨዋታ ላወራችሁ መጥቻለሁ። ሕጉን ማንም ስለማያውቀው ጨዋታ።

ለንደን በገባሁበት ዓመት አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ በሌሊት ፈረቃ እሠራ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዱቄቱ ቦክቶ እስኪነሣ፣ ባልደረቦቼ ሻይ ይዘው ይቀመጣሉ። አንዱ ፉት ይልና «ቱቲንግ ቤክ» ይላል። ሌላው ጥቂት አስቦ «ኮክፎስተርስ» ይላል። ሦስተኛዋ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ ቆይታ «ኤሌፋንት ኤንድ ካስል» ስትል ሁሉም በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ መንገድ የሚጠያየቁ መሰለኝ። ልርዳቸው ብዬ «ፊንስበሪ ፓርክ ላይ ወርዶ መቀየር ይሻላል» አልኩ። ጸጥ አሉ። ሽማግሌው ጋጋሪ አገጩን እያሻሸ «ደፋር ነህ፤ በሰሜን በኩል ትመጣለህ ብዬ አልጠበቅሁም» አለኝ። ለካ ሳላውቀው ተራዬን ተጫውቼ ኖሯል።

ጨዋታው ሞርኒንግተን ክረሰንት ይባላል። ተጫዋቾች በየተራቸው የለንደንን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ወይም የከተማዋን መንገድ ይጠራሉ፤ ቀድሞ «ሞርኒንግተን ክረሰንት» ያለ ያሸንፋል። በቃ። ጠጠር የለው፣ ሰሌዳ የለው። ሕጉ ግን ጥልቅና ውስብስብ እንደሆነ ሁሉም በሙሉ ፊት ይነግራችኋል። አንዱ ጣቢያ ሲጠራ ሌላው «በዝናብ ቀን ይህ አይፈቀድም» ብሎ ይቃወማል። ክርክር ይነሣል፣ አንድ መቶ ዓመት የሞላው ደንብ ይጠቀሳል፣ ደንቡም እዚያው የተፈለሰፈ ነው።

እኔ ይህን ስላላወቅሁ ነጻ የሚታደለውን የባቡር ካርታ ይዤ ጥናት ገባሁ። 272 ጣቢያ፣ 11 መስመር። ከቀዩ መስመር ቀጥሎ ሰማያዊው ይመጣል ብዬ በደብተር ጻፍኩ፤ አልሠራም። በርቀት ለካሁ፤ ይኸም አልሠራም። ኋላ እንደተረዳሁት ካርታው ራሱ ርቀት አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1933 የታተመውን የመጀመሪያውን የነደፈው ሃሪ ቤክ የኤሌክትሪክ ንድፍ ሠራተኛ ነበር፤ ባቡሩን እንደ ሽቦ ቀጥ ቀጥ አድርጎ ዘረጋው። ከመሬት በታች ላለ ሰው ከላይ ያለው ጠመዝማዛ ምን ያደርግለታል?

በሦስተኛው ሳምንት ተራ ሲደርሰኝ፣ አንዱ «ኤንጅል» ከማለቱ፣ «ሞርኒንግተን ክረሰንት!» አልኩ። ሁለተኛው ተራ ላይ። አሸነፍኩ። እጄን ለጭብጨባ ዘርግቼ ብጠብቅ ማንም አልተነፈሰም። ሴትዮዋ ኩባያዋን አንሥታ ወደ መታጠቢያው ሄደች። ሽማግሌው «አዎ፣ አሸንፈሃል» አለኝ፤ መርዶ የሚያረዳ ሰው ድምፅ ነበር። በማግስቱ ማንም ጣቢያ አልጠራም። ስለ አየር ሁኔታ አወራን።

የነገሩን ምንጭ የተረዳሁት ከሬዲዮ ነው። ቢቢሲ ሬዲዮ 4 ላይ ከ1972 ጀምሮ የሚተላለፍ አንድ የቀልድ ዝግጅት አለ፤ ስሙን ወደ እኛ ብንመልሰው «ይቅርታ፣ ፍንጭ የለኝም» ይሆናል። ሞርኒንግተን ክረሰንትን በ1978 ያስተዋወቀው እሱ ነው። መሪው ሃምፍሪ ሊተልተን የታወቀ የጃዝ ጥሩምባ ነፊ ነበር፤ እስከሚሞትበት እስከ 2008 ድረስ በዚያ በደከመውና በሰለቸው ድምፁ የዕለቱን ልዩ ደንብ ያውጅ ነበር። የዝግጅቱ ቀልደኞች አንድ የማይወዱትን አዘጋጅ ግራ ለማጋባት ፈጠሩት የሚል ወሬ አለ። ከዚያ በፊት በ1969 ሁለት የሂሳብ ሊቃውንት በዎሪክ ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ መጽሔት ላይ የዚህኑ ታላቅ ወንድም ጽፈው ነበር፤ መድረሻው ፊንችሊ ሴንትራል ነው። እንደ እነሱ ትንታኔ ስሙን መጥራት የሚሻለው ተፎካካሪህ ሊጠራው አንድ ተራ ሲቀረው ነው። ያ መቼ እንደሆነ እንግዲህ ፈልጉት።

ጣቢያው ግን እውነተኛ ነው። በ1907 የተከፈተ፣ በጥቁሩ መስመር በዩስተንና በካምደን ታውን መካከል ያለ፣ ፊቱ የበሬ ደም በመሰለ ሸክላ የተለበጠ። ባንክ በሚባለው ጣቢያ በኩል የሚያልፈው ባቡር አይነካውም፤ በዚህ የተነሣ ለቀጠሮ የዘገያችሁ እዚህ እንዳላችሁ ፊታችሁ ላይ አያለሁ። በ1992 አሳንሰሩን ለመቀየር ተብሎ ተዘጋ፤ አምስት ዓመት ተኩል ያህልም አልተከፈተም። በእነዚያ ዓመታት የጨዋታው አሸናፊ ሁሉ ባቡር በማይቆምበት ጣቢያ ይወርድ ነበር ማለት ነው። በሚያዝያ 1998 ሲከፈት በሩን እንዲከፍቱ የተጠሩት እነዚያው የሬዲዮ ቀልደኞች ናቸው። ከመካከላቸው ዊሊ ረሽተን በ1996 አርፎ ስለነበር ኋላ በጣቢያው መታሰቢያ ተለጥፎለታል።

ይህን ሁሉ ሳነብ ትዝ ያለኝ የእናቴ ምድጃ ዳር ነው። «እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ»። መልሱ ሲጠፋብኝ እህቴ «አገር ስጠኝ» ትላለች። ደሴን እሰጣታለሁ። «አልፈልግም»። ሐረርን እጨምራለሁ። እሱንም ትንቃለች። ከጎንደር በታች አትቀበልም፤ ጎንደርን ስሰጣት ነው «ጎንደር ገብቼ ምን አጥቼ» ብላ የምትነግሥብኝ። ደሴን ቢያንስ አሥር ጊዜ ሰጥቻለሁ፤ ዓይቻት ግን አላውቅም ነበር። ሐረር ለምን ከጎንደር እንደሚያንስ የጠየቀ ልጅም አልነበረም። ብንጠይቅ እህቴ አንድ ምክንያት እዚያው ትፈጥር ነበር፤ እኛም እንቀበላት ነበር።

እዚህ አገር ስኖር ብዙ ዓመት አንድ ነገር ይከብደኝ ነበር። በሰልፉም፣ በሥራ ቦታም፣ በልጆቼ ትምህርት ቤት ስብሰባም ሁሉም ሰው አንድ ያልተጻፈ ደንብ የሚያውቅ፣ እኔ ብቻ ያመለጠኝ ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌው ጋጋሪ ጡረታ በወጣበት ሌሊት ኬክ ቆርሰን ስናበቃ ወደ ጥግ ወሰድኩትና «አሁን እንኳ ንገረኝ፤ የጨዋታው ሕግ ምንድን ነው?» አልኩት። ዱቄቱን ከእጁ እያራገፈ ለረጅም ጊዜ አየኝ። «እኔማ አንተ ታውቃለህ ብዬ ነበር» አለኝ፤ «ያን ሌሊት በፊንስበሪ ፓርክ ስትገባ ካየሁህ ጀምሮ።»

ንግግሬ እዚህ ላይ ይበቃል፤ ወጡም ሳይቀዘቅዝ አንድ ዙር እንጫወት። እኔ ልጀምር፤ ሴቨን ሲስተርስ። እማማ፣ ቀጣዩ ተራ የእርስዎ ነው፤ ጣቢያ ይስጡኝ። ካምደን ታውን የሚል ሰው ሁለት ተራ ያልፈዋል፤ ዛሬ በዓል ነውና።