ከዜማው በፊት ያለችው ቅጽበት

[ምስል፦ ማለዳ። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፍ መሀል ጭጋግ። የወፍ ድምፅ ብቻ።]

ተራኪ፦ ይህን ድምፅ የቀዳሁት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ መኪና ሳይበዛ ነው። ቆዩ፣ ወደ ኋላ ልመልሰው። ዜማውን ተዉትና ዜማው ሊጀምር ሲል ያለችውን ቅጽበት አድምጡ።

[ምስል፦ የሰፈር መንገድ። ልጆች ገመድ ይዘላሉ።]

ተራኪ፦ ሁለቱ ገመዱን ያዞራሉ፤ ሦስተኛዋ ልትገባ ነው። ግን ዝም ብላ አትገባም። ገመዱ መሬት በነካ ቁጥር ሰውነቷ ወደፊት ሄድ፣ ወደ ኋላ መለስ ይላል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ... ገባች! እነዚያ ውዝዋዜዎች ዝላይ አይደሉም፤ ሰውነቷ ከገመዱ ጋር እየተስማማ ነው።

ወፍም እንዲህ ታደርጋለች ብላችሁ ታምናላችሁ?

[ምስል፦ ዜብራ ፊንች፣ ቀይ ምንቃር፣ ብርቱካናማ ጉንጭ።]

ተራኪ፦ ይህ ዜብራ ፊንች ነው፤ አገሩ አውስትራሊያ። ክብደቱ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ያህል ነው። የሚዘምረው ወንዱ ብቻ ሲሆን ዜማውን ይዞት አይወለድም። ጫጩት ሳለ አባቱን ያዳምጣል፣ እንደ ሕፃን ይንተባተባል፣ 3 ወር ገደማ ሲሞላው ዜማው ይረጋለታል። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በሙሉ ያንኑ፣ አንድ ሰከንድ የማይሞላ አጭር ዜማ ይደጋግማል።

ከዜማው በፊት ግን ትንንሽ ድምፆች ያሰማል፦ ጥ... ጥ.. ጥ. ጥ። ራጋቭ ራጃንና አሊሰን ዱፕ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት እነዚህን ድምፆች አንድ በአንድ መረመሩ። ቁጥራቸው አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዴ ሁለት፣ አንዴ ስድስት ሊሆን ይችላል። ወደ ዜማው በተጠጉ ቁጥር ግን መሀላቸው ያለው ዝምታ ያጥራል። የመጨረሻዋ ድምፅ ደግሞ በስንተኛዋ ላይ ብትመጣም ሁልጊዜ ተመሳሳይ ናት። የአንጎሉ የነርቭ ሴሎች እንቅስቃሴም አብሮ ወደ አንድ ዓይነት መድረሻ ይሄዳል። እኔን እጅግ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ወፉ የሚቆጥር አይመስልም፣ እስኪዘጋጅ ድረስ ይሞክራል እንጂ። ልክ እንደ ገመዷ ልጅ።

[ምስል፦ የወፍ አንጎል ሥዕል። አንድ ነጥብ ይበራል።]

ተራኪ፦ ይህ ኤችቪሲ የሚባለው ስፍራ ነው፤ የዜማው ጊዜ ጠባቂ። በ2002 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ከዚህ ወደ ታችኛው የእንቅስቃሴ ማዕከል መልእክት የሚልኩትን ሴሎች ሲያዳምጡ፣ እያንዳንዱ ሴል በአንድ ዜማ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለ6 ሚሊሰከንድ ያህል ይነቃል፤ ዜማው በተደገመ ቁጥር ደግሞ እዚያችው ቦታ ላይ። አንዱ ለሌላው እያስረከበ የሚሮጥ ዱላ ቅብብል በሉት። በ2008 እ.ኤ.አ. ስፍራው በጥቂቱ እንዲቀዘቅዝ ሲደረግ ዜማው ቅርጹን ሳይለቅ ዘገየ። ሯጮቹ በሙሉ እርምጃቸውን ያዘገዩ ያህል።

ዱላው ከመነሳቱ በፊትስ?

[ምስል፦ ጨለማ ስክሪን ላይ ብልጭ ድርግም የሚሉ ነጥቦች።]

ተራኪ፦ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የቴክሳስ ተመራማሪዎች ሥራ፣ ሲነቁ ብርሃን የሚሰጡ ሴሎችን እያየ ወፉን ተከታተለው። ወፉ አፉን ሳይከፍት፣ ከሰከንዶች በፊት፣ ኤችቪሲ ውስጥ ሴሎች ይነቃሉ። ለእኛ ዝምታ የሆነው ለእሱ ሥራ የበዛበት ሰዓት ነው።

እንዲህ ያለ ዝግጅት እኛ ሰዎችም ጋ አለ። ኮርንሁበርና ዴክ የተባሉ ጀርመናውያን በ1965 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ሰው በራሱ ፈቃድ ጣቱን ከማንቀሳቀሱ አንድ ሰከንድ ገደማ ቀደም ብሎ አንጎሉ ላይ ቀስ እያለ የሚያድግ የኤሌክትሪክ ለውጥ ይታያል።

[ምስል፦ ጭጋጉ ተገፏል። ቅርንጫፍ ላይ ወፍ፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል።]

ተራኪ፦ አሁን ቀረጻውን ከመጀመሪያው ላሰማችሁ። እኔ ዝም እላለሁ።