ሽፋኑ ላይ ያልወጡ ስሞች

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የጅማ የሙዚቃ ወዳጆች፣ ዛሬ የመጀመሪያ አልበማችሁን የምታስደምጡን ልጆቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ!

በዚህ ዝናብ ከአዌቱ ማዶ ድረስ የመጣችሁ አላችሁ፤ ጅማ ላይ በክረምት ከቤት መውጣት ራሱ ውለታ ነው። ለመለያየት ዘፈን ግን ከዚህ የተሻለ ምሽት አይገኝም።

አዘጋጆቹ ስለ ትዝታ እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። እኔ ግን የፈረንጅ አልበም ይዤ መጣሁ፤ ይቅርታችሁን። አሜሪካዊው ዘፋኝ ቦብ ዲላን በፈረንጆቹ ጥር 1975 ያወጣው «ብለድ ኦን ዘ ትራክስ» ነው። «ደም በሐዲዱ ላይ» ብንለው ግማሹ ይቀርብናል፤ የእንግሊዝኛው ቃል ሐዲድም፣ ዱካም፣ የተቀዳ ዘፈንም ነውና። ሰምና ወርቅ ለእኛ ብቻ የተሰጠ ይመስለን ነበር!

በዚያ ወቅት የሰውየው ትዳር እየፈረሰ ነበር፤ ከባለቤቱ ከሣራ ጋር በ1977 ተፋቱ። እርሱ ግን ዘፈኖቹ የራሴ ታሪክ አይደሉም ይላል። ይበል፤ የእኛም አዝማሪ ሲጠየቅ «የሰው ነው» ይላል።

መስከረም 1974 ኒውዮርክ ላይ አልበሙን ቀድቶ ጨርሶ ነበር። አብዛኛውን የተጫወተው ጊታሩን በአንድ ቅኝት ቃኝቶ ነው። ክራር የያዘ ሰው ይህ ይገባዋል፤ ለትዝታ ከቃኘን በኋላ ጣታችን ሌላ መንገድ ቢያምረውም አውታሩ እሺ አይለውም።

ታኅሣሥ ላይ ትውልድ አገሩ ሚኒሶታ ሳለ ወንድሙ ሥራው ዳግም እንዲቀዳ መከረው። ሚኒያፖሊስ ውስጥ የከተማው ሙዚቀኞች ተጠሩ፤ በሁለት ቀን አምስት ዘፈን፣ የአልበሙ እኩሌታ፣ እንደ አዲስ ተቀዳ። የመክፈቻውን ዘፈን ሲሞክሩ ዲላን ኬቪን ኦደጋርድ የተባለውን ጊታሪስት እንዴት እንዳገኘው ጠየቀው። ልጁም «ምንም አይል» ዓይነት መልስ ሰጠው። ለቦብ ዲላን! ቀጥሎም የዘፈኑ ቁልፍ፣ ማለትም መነሻ ድምፁ፣ ከጂ ወደ ኤ ከፍ ይበል አለ። ከፍ አለ፤ ዘፋኙም ድምፁን መንጠራራት ግድ ሆነበት። ዛሬ አንጀታችንን የሚበላው ያ መንጠራራት ነው።

ሽፋኑ ግን አስቀድሞ ታትሞ ነበር። የሚኒያፖሊሶቹ ስም ሳይወጣ አልበሙ ገበያ ገባ።

እኔም በወጣትነቴ ለአንድ ዘፋኝ ካሴት ክራር መትቼ ነበር። በራሴ ገንዘብ ገዛሁት፤ ሦስት ቦታ የታጠፈውን ወረቀት ገለጥሁ፣ ገለበጥሁ፣ ደግሜ ገለበጥሁ። ግጥም የሰጠው አለ፤ ፎቶ ያነሣው እንኳ አለ። እኔ የለሁም።

ልጆች፣ የእናንተ ሽፋን ገና ማተሚያ ቤት አልገባም ተብያለሁ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ፣ ዘፋኟ «ደህና ሁን» ብላ ስትጨርስ ማሲንቆው ብቻውን ይቀራል፤ ትናንት አራት ጊዜ አዳመጥሁት። የመታው ልጅ ያውና፣ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

ተነሣ የኔ ልጅ። ስምህን ንገረን፤ እዚህ ያለው ሁሉ ይጽፈዋል።