እንቁላል የሚመዘነው ለምንድን ነው? የሞሪሸስ ጭልፊት እንዴት እንደተረፈ

ሄለን፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ርዕሳችን በሕንድ ውቅያኖስ ደሴት በሞሪሸስ የሚኖረው የሞሪሸስ ጭልፊት ነው። አገግሟል ከተባለ በኋላ በ2014 ለምን ተመልሶ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ተርታ ተመደበ? ዓመቶቹን የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ዮናስ፦ እሱን እንመለስበታለን። መጀመሪያ ግን መነሻውን እንያዝ። በ1974 በዱር መኖራቸው የሚታወቀው አራት ብቻ ነበሩ። አራት ጥንድ አላልኩም፤ አራት ወፍ።

ሄለን፦ አራት! ምን ጨረሳቸው?

ዮናስ፦ ደኑ ተመነጠረ፤ በዚያ ላይ ለወባና ለተባይ ተብሎ ዲዲቲ ተረጨ። ዲዲቲ የእንቁላሉን ቅርፊት ያሳሳዋል፣ እናትየው ስትታቀፈው ይሰበራል። ከውጭ የገቡት ጦጣዎች፣ አይጦች፣ ድመቶችና ሞንጉስ የሚባሉት ትናንሽ ሥጋ በል እንስሳትም አሉ። ከዚያ በ1979 ዌልሳዊው የሥነ ሕይወት ባለሙያ ካርል ጆንስ ሄደና ገደል እየወጣ እንቁላላቸውን ይወስድ ጀመር።

ሄለን፦ ወፉ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እንቁላሉን መውሰድ?

ዮናስ፦ አዎ፣ ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። ጭልፊቷ የመጀመሪያዎቹን እንቁላሎች ገና በጊዜ ካጣች፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይታ ሌላ ትጥላለች። ብዙውን ጊዜ ሦስት ትጥላለች እንበል። የተወሰዱት ሦስቱ ማሽን ውስጥ ይፈለፈላሉ፣ አዲሶቹን ሦስቱን ራሷ ታቅፋቸዋለች። ግን የተራበች ወፍ ደግማ አትጥልም። ስለዚህ ነጭ አይጥ ይሰጧታል፤ ሰውየው አይጡን ወደ ላይ ሲወረውር ወፉ መጥቶ አየር ላይ ይቀልበዋል።

ሄለን፦ አየር ላይ! እሺ፣ 2014ን...

ዮናስ፦ ቆይ፣ ማሽኑን ሳልናገር አላልፍም። ብዙዎች ሙቀቱን 37.5 ዲግሪ አድርጎ መተው ይመስላቸዋል። የሚገድለው ግን ብዙ ጊዜ እርጥበቱ ነው። እንቁላል ከተጣለበት ቀን አንስቶ ጫጩቱ ቅርፊቱን መስበር እስኪጀምር ድረስ ከክብደቱ 15 በመቶ ያህሉን በውሃ ትነት ማጣት አለበት።

ሄለን፦ ማጣት አለበት? መቀነሱ ጥሩ ነው ማለት ነው?

ዮናስ፦ ግዴታ ነው! ለምሳሌ 20 ግራም የሚመዝን እንቁላል ሦስት ግራም ይቀንሳል። የመታቀፊያው ጊዜ ወር ያህል ስለሆነ በቀን አንድ አሥረኛ ግራም ገደማ ነው። ተራ ሚዛን ይህን አያሳይሽም። ክብደቱ መቀነስ ያለበትን መስመር ወረቀት ላይ ታሰምሪና በየቀኑ እየመዘንሽ ከእሱ ጋር ታስተያያለሽ። ከመስመሩ በላይ ከሆነ ውሃው አልወጣም፤ እንቁላሉ ውስጥ ያለው የአየር ኪስ ትንሽ ይሆናል፣ ጫጩቱ አብጦ መዞር ያቅተውና እዚያው ይታፈናል።

ሄለን፦ ከታች ከሆነስ?

ዮናስ፦ ደርቋል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ጫጩቱ ላይ ይጣበቃል። ያኔ እርጥበቱን ትጨምሪያለሽ፣ በጣም ከባሰ የቅርፊቱን ከፊል በሰም ትሸፍኛለሽ። ማገላበጡም አለ፤ በቀን ደጋግሞ ካልተገላበጠ ፅንሱ ከሽፋኑ ጋር ይጣበቃል። ሊፈለፈል ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ደግሞ ማገላበጡ ይቆማል።

ሄለን፦ ለአንድ እንቁላል ይህ ሁሉ!

ዮናስ፦ አንዷ እንቁላል ለዝርያው ምን ያህል እንደነበረች አስቢው። በ1994 የመራቢያው ወቅት ሲያልቅ በአሥር ዓመት ውስጥ 331 ወፎች ተለቅቀዋል። ከሚዛኑ የመጣ ነው!

ሄለን፦ ከሚዛኑ ብቻ አይደለም። የሚለቀቁት ጫጩቶች ገደል ላይ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው፣ መብረር ከጀመሩም በኋላ ራሳቸው ማደን እስኪችሉ ምግብ ይቀርብላቸው ነበር። ዙሪያውን ለሞንጉስ ወጥመድ ባይጠመድ ኖሮ፣ መብረር በቅጡ ያልቻለው ጫጩት መሬት ሲያርፍ ይበላ ነበር።

ዮናስ፦ ትክክል ነሽ፣ ሁለቱም ያስፈልጋል። ግን ያልተፈለፈለ አይለቀቅም።

ሄለን፦ አሁን 2014ን እንመልስ። ማሽኑ ሥራውን ከሠራ ለምን ቁጥሩ ቀነሰ?

ዮናስ፦ ጥሩ ሁኔታ ላይ የቀረው የደሴቲቱ ነባር ደን ከሁለት በመቶ በታች ነው። ይህ ጭልፊት ክንፉ አጭርና ክብ ነው፤ በዛፍ መሃል እየታጠፈ አረንጓዴ እንሽላሊት ለመያዝ የተሠራ ነው። ከውጭ የመጣው ተክል ደኑን ሲሞላው ማደኑ ይከብደዋል። ከዚያ ደግሞ ዛሬ ያሉት ሁሉ የዘር ሐረጋቸው የሚሄደው ወደ አንድ ጥንድ ነው።

ሄለን፦ ስለዚህ እንቁላል የሚጥሉበትን ሣጥን እየሰቀሉ ለዘላለም መደገፍ ነው? እኔ ይሄ ማገገም አይመስለኝም።

ዮናስ፦ ደን እስኪያድግ ሌላ ምን አማራጭ አለ? በምሥራቁ በኩል ብዙዎቹ እንቁላል የሚጥሉት ሣጥን ውስጥ ነው።

ሄለን፦ ይገባኛል። ግን የደኑ ሥራ ከሣጥኑ እኩል ካልሄደ አልስማማም።

ዮናስ፦ በደኑ እስማማለሁ። ሣጥኑን ግን አትንኪብኝ። ጭልፊት ጎጆ አይሠራም፤ ባዶ ጣውላ ላይ ከጣለች እንቁላሉ ይንከባለላል። ስለዚህ ታቹ አምስት ሴንቲ ያህል ደቃቅ ጠጠር ይነጠፋል።

ሄለን፦ ዝናብ ሲገባስ?

ዮናስ፦ ወለሉ ይበሳል። ያልተበሳ ሣጥን ውሃ ይይዝና እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፣ ጣውላውም ይበሰብሳል። ለዚህ ነው በየዓመቱ ከመራቢያው ወቅት በፊት ሰው ወጥቶ ጠጠሩን የሚቀይረው፣ ብሎኑን የሚያጠብቀው።