ጠዋት ምን ቀምሰው ይወጣሉ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ጅማ፣ ቤቴ ሆኜ ነው የምቀዳው። ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁ ከገባባችሁ ይቅርታ።

ስለ አንድ ተማሪዬ ላውራችሁ፤ ስሙን አልጠራም። ለፒኤችዲ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ከጠያቂዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። እንግሊዝኛው ያዝ ያደርገዋል፤ ይጀምርና መሃል ላይ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠሁት። ሌሎቹ ባይከራከሩለት ኖሮ ባልገባ ነበር። ይህን ስናገር ዛሬም ይከብደኛል።

ሥራችን ቫይቫክስ በሚባለው የወባ ዓይነት ላይ ነው። ቫይቫክስ ከደም ቢጠፋም ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይተኛል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሳል። የተኛውን የሚገድለው ፕሪማኩይን የሚባል መድኃኒት ነው፤ በተለመደው አሰጣጥ 14 ቀን ይዋጣል። ትኩሳቱ ግን በሁለት በሦስት ቀን ይለቃል። ሰዎች ለምን ያቋርጡታል? መልሱን የማውቅ መስሎኝ ፕሮፖዛሉ ላይ “የግንዛቤ ማነስ” ብዬ ጽፌ ነበር።

ከአጋሮ ወጣ ብሎ አንዲት እናት ቤት ተቀምጠናል። የቡና ለቀማ ጊዜ ነው፤ ደጁ ላይ ቀይ እሸት ቡና ተሰጥቷል። እሳቸው መደርደሪያው ላይ ያለ ጣሳ ውስጥ እጃቸውን ሰደው የተቋጠረች ፌስታል አወጡ። ፈቱልን፤ ሰባት ፍሬ ቀርቷል። እኔ መጠይቁን ይዤ “የተነገረዎት ገብቶዎት ነበር?” አልኩ። “ገብቶኛል” አሉኝ። ቀጣዩን ጥያቄ ልጠይቅ ስል ተማሪዬ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጎ በአፋን ኦሮሞ ጠየቃቸው፦ ጠዋት ምን ቀምሰው ነው የሚወጡት?

“ቡና ነዋ፣ ልጄ።”

እህል የሚቀመሰው ረፋዱ ላይ፣ እዚያው የቡና ማሳው ውስጥ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ እቤት፣ ጣሳው ውስጥ። ፕሪማኩይን ባዶ ሆድ ላይ ሲወርድ ሆድ ይቆርጣል። እኒያ እናት ሆዳቸውን እየቆረጣቸው አንድ ሳምንት ታግሰው ተዉት። ግንዛቤ ያነሰው እኔን ነበር። ተማሪዬ በልጅነቱ በማለዳ፣ በባዶ ሆዱ ቅርጫት ይዞ ለለቀማ ይወጣ ስለነበር ጥያቄው ወዲያው መጣለት።

ትራንስሌሽናል ምርምር የምንለው፣ ላብራቶሪ ውስጥ የተገኘው ነገር ታማሚው ዘንድ እስኪደርስ ያለውን መንገድ ነው። መንገዱ ደግሞ ረጅም ነው። ኮዴይን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እንውሰድ። ኮዴይን ጉበት ውስጥ ሞርፊን ወደሚባለው ጠንካራ ማስታገሻ የሚለወጠው ሲዋይፒ2ዲ6 በሚባል ኢንዛይም ነው። በፈረንጆቹ 1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ስዊድን ሆነው ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ጂን ተባዝቶ ተገኘባቸው። እንዲህ ላለ ሰው፣ ሌላውን የሚያስታግሰው መጠን በፍጥነት ሞርፊን ሆኖ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ኢትዮጵያ ኮዴይንን ያገደችው በፈረንጆቹ 2015 ነው። 19 ዓመት! በመጀመሪያ ኢትዮጵያውያንን መመርመር እንዳለበት ያሰበ ሰው አስፈለገ፤ በኋላ ደግሞ በመድኃኒት ተቆጣጣሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ የጂን ጥናት አንብቦ የሚገባው ሰው።

ለዚህ ነው ተማሪዎቼ ሁሉ መምህር ሆነው እንዲቀሩ የማልመኘው። አንዷ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ትግባ፣ አንዱ አርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም ይሂድ፣ ሌላው መድኃኒት ፋብሪካ፣ ሌላዋ ክሊኒካል ትራያል፣ ማለትም መድኃኒት በሰው ላይ የሚሞከርበትን ጥናት፣ ታስተባብር። ዶክትሬት ይዞ ፋብሪካ መግባት እንደ ውድቀት ሲቆጠር ስሰማ ያናድደኛል። ማሠልጠኑም ለዚያ መሆን አለበት፤ ላብራቶሪ ውስጥ ፒፔት ከመያዝ ባሻገር በጀት መሥራት፣ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ መጻፍ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር።

እንግሊዝኛ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ ጽሑፉ የሚታተመው በእሱ ነው። ግን በሁለት ዓመት ይሻሻላል፤ የተማሪዬም ተሻሽሏል። ቡና ለቅሞ ማደግን ግን እኔ ላስተምረው አልችልም። ከዳውሮ የመጣችው፣ ከየም የመጣው፣ እኔ ያልኖርኩትን ኑሮ ይዘው ነው የሚገቡት።

በሚቀጥለው ወር እንደገና ቃለ መጠይቅ አለን። ለባልደረቦቼ አንድ ነገር ጠይቄ ተስማምተውልኛል፦ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች አመልካቹ በፈለገው ቋንቋ፣ ሰፈሩ ውስጥ ስላየው በሽታ ያወራል። እኛ ዝም ብለን እንሰማለን።