ነገ ማይንዝ ስንሄድ

እንደምን አመሻችሁ ወገኖቼ። ነገ አብረን ማይንዝ ስለምንሄድ ዛሬ ትንሽ ላጫውታችሁ ብዬ ነው፣ ከፍራንክፈርት በባቡር ዝም ብለን የምናልፋት ከተማ እኮ በአንድ ወቅት ንጉሥ የሚቀባባት ነበረች።

ራይን ወንዝ ዳር ሮማውያን የጦር ሰፈር አድርገው ነው የጀመሯት። በ8ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊው መነኩሴ ቦኒፋስ ጳጳሷ ሆነ፣ በ754 ፍሪዝያ የሚባል የሰሜን ባሕር ዳር አገር ሊሰብክ ሄዶ ተገደለ፣ በተተኪው በሉሉስ ጊዜ ደግሞ የሊቀ ጳጳስ መንበር ሆነች።

እኔን የሚገርመኝ ግን ቪሊጊስ ነው። በ975 ሊቀ ጳጳስ ሲሆን የመኳንንት ዘር አልነበረም፣ ያኔ ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በ983 ንጉሠ ነገሥት ኦቶ 2ኛ ሞተ፣ ልጁ ገና የ3 ዓመት ሕፃን ነው፣ የባቫርያው ሃይንሪሽ ሞግዚቱ ነኝ ብሎ ልጁን ወሰደና ቆይቶ ራሱ ልንገሥ አለ፣ እና ከእናቱ ከቴዎፋኖና ከአያቱ ከአደልሃይድ ጋር ሆኖ በ984 ልጁን ያስመለሰው ቪሊጊስ ነው። በ1002ም የዛኑ የባቫርያውን ሃይንሪሽ ልጅ፣ ሃይንሪሽ 2ኛን፣ እዛው ማይንዝ ቀብቶ አነገሠ። ያሠራው ካቴድራል በ1009 ሊመረቅ ሲል ተቃጠለ፣ የነሐስ በሮቹ ግን እስከ ዛሬ አሉ፣ ነገ ታዩዋቸዋላችሁ።

በዛው ዘመን ማይንዝ የአይሁድ ሊቃውንት ከተማም ነበረች። ራቢ ጌርሾም እዚህ ነው ያስተማረው፣ በሁለት ሚስት ላይና የሰው ደብዳቤ ከፍቶ በማንበብ ላይ የወጣው ውግዘት በሱ ስም ነው የሚታወቀው። ግን በ1012 ንጉሡ አይሁዶቹን ከከተማው አባረረ፣ ብዙም ሳይቆይ ተመለሱ። በግንቦት 1096 ግን ኤሚሾ የሚባል መስፍን የመስቀል ጦር ነን የሚሉ ሰዎች ይዞ መጣ፣ አይሁዶቹ ሊቀ ጳጳስ ሩትሃርድን አምነው ግቢው ውስጥ ተጠለሉ፣ የከተማው ሰው ግን ለኤሚሾ ሰዎች የከተማውን በር ከፈተላቸው፣ ሊቀ ጳጳሱም ሸሸ። ተጠመቁ ሲባሉ እምቢ ብለው በገዛ እጃቸው ልጆቻቸውን የገደሉ እናቶች ነበሩ። በዕብራይስጥ የተጻፈው ዜና የሞቱት ከ1,000 በላይ ናቸው ይላል።

ይሄን ሳነብ ብዙ ቀን ከውስጤ አልወጣ አለኝ፣ ምክንያቱም ንጉሥ የሚያነግሥ መንበር ነው ግቢው የገቡትን ሰዎች ማዳን ያቃተው። ስለዚህ ነገ ካቴድራሉን አስቀድመን አናይም፣ መጀመሪያ የምንሄደው የዛ ዘመን የመቃብር ድንጋዮች ያሉበት የድሮው የአይሁድ መቃብር ነው፣ ወንዶች ኮፍያ ያዙ እባካችሁ።