ቴራሱን ከአበባው በፊት ከውሃው እንጀምር

[ምስል፦ አዲስ አበባ። የአንድ ጂ+2 ቤት ቴራስ።]

ሰላም ጤና ይስጥልን። የብዙዎቻችን ቴራስ ይህንን ይመስላል። የውሃ ታንከር፣ የልብስ ገመድ፣ ከግንባታ የተረፈ ሴራሚክ። ከቤቱ ሁሉ ጥሩ ፀሐይና አየር ያለው ግን እዚህ ነው! ዛሬ አትክልት እናስገባበታለን።

ችግኝ ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ አንድ ባልዲ ውሃ ይዛችሁ ውጡ።

[ምስል፦ ወለሉ ላይ የሚሄድ ውሃ፣ በቅርብ።]

ድፉትና በዓይናችሁ ተከተሉት። ወደ መውረጃው ቱቦ ከሄደ ጥሩ። መሃል ላይ ኩሬ ሠርቶ ከቆመ ተዳፋቱ ልክ አይደለም። በየ1 ሜትሩ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። እናቴ ቤት ትልልቅ የአበባ ማሰሮዎችን መውረጃው አፍ ላይ ደረደርን። ቅጠልና አፈር ቱቦውን ደፈነው። ነሐሴ ላይ የሳሎኑ ኮርኒስ ምጣድ የሚያክል ቡናማ እድፍ አወጣ። እናቴ ምንም አላለችም። ጎድጓዳ ሳህን አምጥታ ከሥሩ አስቀመጠች። ያ ሳህን እስከ መስከረም እዚያው ነበር።

ስለዚህ ስንጥቁ ይሞላ፣ ውሃ መከላከያው ይቀባ። ሲደርቅ መውረጃውን ደፍናችሁ ጥቂት ውሃ አቁሙበት። ከ24 ሰዓት በኋላ ከሥር ያለውን ኮርኒስ እዩ። ማሰሮዎቹንም ከወለሉ በጡብ ከፍ አድርጓቸው።

[ምስል፦ በአፈር የተሞላ የእንጨት መደብ።]

ቀጥሎ ክብደት። 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነና 20 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ መደብ 200 ሊትር አፈር ይይዛል። ዝናብ ሲጠግብ ከ300 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። የመኖሪያ ቤት ወለል ደግሞ በተለምዶ የሚሰላው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ነው። ከባዱን ነገር ዳር ዳሩን፣ ቢምና ኮለን (ወለሉን የሚሸከሙት አግዳሚና ምሰሶ) ባለበት አድርጉት። መሃሉን ለሰው ተዉለት። ትልቅ መደብ ካሰባችሁ ግን መሐንዲስ ሳታማክሩ አትጀምሩ።

መረሬ አፈር ይቅርባችሁ። ውሃ ይዞ ይከብዳል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እኔ ኮምፖስት፣ ለም አፈርና ሬድ አሽ እኩል እኩል እቀላቅላለሁ። ሬድ አሽ ያ በቢሾፍቱ ዙሪያ ከኮረብታ የሚቆፈረው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው። ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ቀላል ነው፣ ትርፉን ውሃም ያሳልፋል።

[ምስል፦ አንድ ቅርንጫፍ ጤና አዳም በጣት ሲታሽ።]

አሁን ወደ ችግኙ። ጦስኝ የደጋ ተራራ ልጅ ነው፤ ፀሐይና ንፋስ አይበግረውም። ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠልም እንዲሁ። እነዚህን የሚገድላቸው ውሃ ማብዛት ነው። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ እርጥብ ከሆነ ተዉት።

በሶብላ ግን ብርድ አይችልም። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም። ከግድግዳ አስጠጉት። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልስለታል።

ለጥላ ቡገንቪላን በሽቦ ላይ ምሩት። ከሥሩ ሁለት በርጩማና ረከቦት ይበቃል። ለቡናው ጤና አዳም እጃችሁ ሥር ነው።

ግንቦት ላይ መውረጃውን ጥረጉ። የመጀመሪያው ዶፍ ሲጥልም ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ውሃው በየት እንደሚሄድ እዩ።